ሕዝብን ሰምቶ ሥርዐትን ማደስ

እናንተ በማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ለዛሬው መዓርግ የበቃችሁ ልጆቼ፤

የኅብረተሰብን ኑሮና ልማድ ከሕዝቡ ጋራ ተማክሮ ለመለወጥ ዕድሜውን የሚሰጥ ሰው ሥራውን ከምን መጀመር እንዳለበት ልነግራችሁ አስቤአለሁ፤ ለዚህም ምስክር አድርጌ የምጠራቸው የከምባታዋን ተወላጅ ዶክተር ቦጋለች ገብሬን ነው።

በልጅነታቸው ውሃ ሊቀዱ የሚሄዱ መስለው ከቤት እየወጡ ፊደል የቈጠሩት እኒህ ሴት፣ በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ከተማሩ በኋላ፣ በዚያው ኑሯቸውን ማደላደል ሲችሉ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ከእኅታቸው ጋራ ከምባቲ መንቲ ጌዚማ የተባለውን የሴቶች ማኅበር መሠረቱ። ስለ ኤች አይ ቪ ለማስተማር ወደ ሕዝቡ በቀረቡ ጊዜ ግን ሽማግሎቹ ያነሡባቸው የድልድይ ነገር ነበር፤ ወንዙን መሻገር ካልተቻለ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ገበያ መድረስ አይሆንላቸውምና። እርሳቸውም ይዘውት የመጡትን ትምህርት አቆይተው፣ ከሕዝቡ ጋራ ተባብረው ድልድዩን አሠሩ። ብዙ የተማረ ሰው ይህን ጊዜ ማባከን ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ከሥራቸው ሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህን ነው።

መተማመን ከተገኘ በኋላ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት መነጋገር ተቻለ። አንዲት እናት በራሷ ገላ የደረሰውን ሥቃይ እያስታወሰች፣ በኅሊናዋም እያዘነች፣ ልጄ ሳትገረዝ ብትቀር የሚያገባት አይገኝም፣ ጎረቤትም ይጠቋቈምባታል ብላ ስለምትፈራ፣ ልጅቱን ለገራዧ አሳልፋ ትሰጣለች፤ አባትም ለቤቱ ስም ሲል ዝም ይላል፤ ጐልማሳውንም ያልተገረዘች እንዳያጭ ይሉኝታ ይይዘዋል። እንግዲህ ሁሉም በየልቡ የሚጠላው ነገር ቢሆን እንኳ፣ አንድ ቤት ብቻውን ሊተወው አይችልም፤ የሚቀረው ሁሉም በአንድነት የተዉት እንደ ሆነ ነው። ዶክተር ቦጋለች ይህን ስላስተዋሉ፣ ወንዱንና ሴቱን፣ ሽማግሌውንና ወጣቱን በአንድ ሸንጎ አስቀምጠው በትዕግሥት አነጋገሩ፤ እድሮችም ግርዛትን የሚከለክል ደንብ አጸኑ፤ በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በብዙ ሕዝብ ፊት በአደባባይ ስትዳር፣ የሚያገባት አይገኝም የሚለው ፍርሃት በዐይን የሚታይ መልስ አገኘ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ በ1999 በዚያው አካባቢ ከመቶ 97 የነበሩት የግርዛት ደጋፊዎች በ2008 ከመቶ 5 በታች ሆኑ።

ዶክተር ቦጋለች በ2019 ዐርፈዋል፤ ግርዛት ግን ከአገራችን ገና አልጠፋም፤ በአፋርና በሶማሌ ምድር ዛሬም ብዙ ሕፃናት ይሠቃዩበታል። ከእናንተ መካከል ወደዚያ የምትመደቡ አትጠፉም። እንግዲያው በደረሳችሁ ጊዜ፣ ዕቅዳችሁን ከመዘርጋታችሁ አስቀድሞ፣ የጎሣ ሽማግሎችንና የሃይማኖት አባቶችን ሄዳችሁ እጅ ንሡ፤ እናቶችንም የጎደላቸው ምን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁ የውሃ ጕድጓድ ወይም የወፍጮ ነገር ቢሆን፣ ከመጣንበት ጕዳይ ውጭ ነው ሳትሉ በመዝገባችሁ ራስ ላይ ጻፉት።