«ሥር» የሚለው ቃል በልዩ ልዩ ሙያ



«ሥር» ለዕፅዋት ሊቅ ተክሉን በመሬት ላይ አጽንቶ የሚይዘው፣ ውኃና ማዕድን ስቦ ወደ ግንዱ የሚልከው አካል ነው። ለሥነ ልሳን ሊቅ ግን ሰበረ፣ ሰባሪና ስብራት የሚወለዱባቸው ስ፣ ብ፣ ር የተባሉት ተነባቢዎች ናቸው። ለሐኪም ደግሞ ደም የሚመላለስበት ቧንቧ «የደም ሥር» ይባላል፤ ከልብ የሚያወጣው ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ ነው።

አንድ ገበሬ «ሥሬን ያመኛል» ሲል ግን ነርቩን፣ ጅማቱን ወይም የደም ሥሩን ማለቱ ሊሆን ይችላል። የሦስቱ ሕመም ልዩ ልዩ ነው፤ ሕክምናውም እንደዚሁ። ሐኪሙ ቃሉን በራሱ ሙያ ብቻ ከተረጎመው፣ የሕመሙን ስፍራ ሳያውቅ መድኃኒት ያዛል። ስለዚህ «ሥር ሲሉ የትኛውን ማለትዎ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከመድኃኒቱ ይቅደም።