«እሷ እንኳ እንደ እኛው ናት»

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው የበግ ጠጉር ዋጋ አይደለም። ስለ ራሳችን አፍ ነው።

በዚህ ዳገት ያደግን ብዙዎቻችን ሙስሊም ጎረቤት ሳይኖረን ስለ ሙስሊም ብዙ «እናውቅ» ነበር። የምናገኛቸው ቆላ ገበያ ስንወርድ ነው፤ በግና ባና ይዘን እንወርዳለን፣ በርበሬና ማሽላ ይዘን እንወጣለን። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ሚዛን አጎደለብን። ቤት ስንገባ «እስላም እንዲህ ነው» አልን። በዓመቱ ደግሞ ማተብ ያሰረ የገዛ አገራችን ሰው የጠጉራችንን ገንዘብ በልቶ ጠፋ። ያን ጊዜ የጠራነው ስሙን ከነአባቱ ነው፤ ማተቡን ማንም አላነሣም።

«እስላም ንግድ ይወዳል» እንላለን። ርስት ምን እንደሆነ ለመንዝ ሰው አይነገርም። በብዙው የደጋ አገር ግን ሙስሊሙ ርስት እንዳይዝ ተከልክሎ ኖሯል፤ መሬት ሲያጣ ንግዱንና ሽመናውን ያዘ። የመሬት አዋጁ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው፤ በዓላችንና መብታችን ይከበር ብለው ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ትልቁን ሰልፍ የወጡት በሚያዝያ 1966 ነው። ከመካከላችን ያኔ የተዳሩ እናቶች አሉ! ቡናንስ አያቶቻችን የእስላም መጠጥ ነው እያሉ ይሸሹት አልነበር? ነገሩ የላላው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እኛ ዛሬ ያለ ቡና ስብሰባ አንቀመጥም።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ሰው ሸሽቶ ወደ ደጋው ወጣ። እኛም እንጀራና ባና ይዘን ሄድን። ከተሰለፉት መካከል ሁለት ልጆች የያዘች፣ ሒጃብ የለበሰች ሴት ነበረች። «እሷን ደግሞ ምን አመጣት?» ተባለ፣ ያውም ጮክ ተብሎ። ሰማችን። የእሷም ቤት ተቃጥሏል። ይህን ያልነው እኛ ነን፤ አንሸፋፍነውም።

እዚሁ ቤት ተከራይታ ቀረች። ጥጥ መፍተል ታውቅ ነበር፤ የበግ ጠጉር ግን መጀመሪያ እምቢ አላት፣ እንዝርቱ ላይ እየተበጠሰ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከብዙዎቻችን የቀጠነ ክር አወጣች። አንዷ አባላችን ስትወልድ ገንፎውን ያገነፋችው እሷ ናት። ልጅ ስንድር እኛም አንዱን በግ በሙስሊም እጅ አሳርደን፣ ለእሷና ለዘመዶቿ ለብቻ አበሰልን።

ታዲያ ልባችን ተለወጠ? ብንል ደስ ባለን። የምንለው ግን «እሷ እንኳ እንደ እኛው ናት» ነው። ሚዛን ያጎደለው ሰው ሙስሊሙን ሁሉ ወከለ፤ እሷ ግን ማንንም አትወክልም። አንድ ቀን ቡና ላይ ይህንኑ ስንላት «ኧረ እኔ ምኔ ነው እንደ እናንተ? ሶላቴን መች ተውኩ?» ብላ ሳቀች። እኛም ሳቅን፤ ከሄደች በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ካለፈው ወር ጀምሮ አባል ልሁን ብላ ጠይቃለች። ብድራችን ወለድ አለው፤ ወለድ በሃይማኖቷ ክልክል ነው። የቁጠባ ስብሰባችን የማርያም ለት፣ ጸበል ጸዲቁ ላይ ነው። «እነሱ ሁሌ የተለየ ይፈልጋሉ» ያላችሁ አላችሁ። ስለ ገንዘቡ ያላችሁት ተገቢ ነው፤ የመጋዘኑን ኪራይ የሚከፍለው ወለዱ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ያሰበው እንዲህ ነው፦ ወለድ ለማትወስድ አባል ማኅበሩ ጠጉር ይገዛና፣ ትርፉን በግልጽ ነግሮ በዱቤ ይሸጥላታል። ጸበሉ እንዳለ ይቀጥላል፤ ቁጠባው ወደ ሌላ ቀን ይዞራል።

እሷ ዛሬ አልመጣችም፤ «ስለ እኔ ስትነጋገሩ ባልቀመጥ ይሻላል» ብላ ነው። የደንቡ ማሻሻያ ረቂቅ ከቡናው በኋላ ይነበባል፤ ድምፅ የምንሰጠው እጅ በማውጣት ነው።