ከቢላዋ ያመለጠ አህያ፣ ከሸክም ያላመለጠ



እ.ኤ.አ. በ1965 በብሪታንያ የብራምቤል ኮሚቴ ማንኛውም የእርባታ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ሰውነቱን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት ይችል ዘንድ ጠየቀ። መለኪያው የተቀረጸው በጠባብ ስፍራ ታጉረው ለሚረቡ እንስሳት ነበር። ማገዶ ተሸክሞ መጋላ፣ ቀፊራ ገበያ የሚገባው አህያ ግን ችግሩ ጥበት አይደለም፤ ጭነት፣ ጥማትና የጀርባ ቁስል ነው።

በአገራችን ስለ አህያ ድምፅ ተሰምቷል። በ2009 ዓ.ም. የቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ከሕዝብ ተቃውሞ በኋላ ተዘጋ፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድ እንዲታገድ ወሰኑ። ሁለቱም እርምጃዎች አህያን ከቢላዋ የሚታደጉ ናቸው፤ ሸክሙን ግን አያቀሉለትም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ይቀጣል፤ ሆኖም የዕለት ጉርሱን ከአህያው ጀርባ የሚያገኘውን ሰው ብቻ ብንከስ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሆንብናል። ጭነቱን የሚያዝዘው ነጋዴም፣ ርካሽ ማገዶ የምንሻው እኛም ከተጠያቂነት አንወጣም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ይሁን፤ በገበያው ዳር የውኃ ገንዳና ጥላ ይኑር፤ ከጭነቱ ሥር ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍ፤ ገበያ የደረሰ አህያ ጭነቱ ሳይራገፍለት አይቁም፤ የቆሰለ ጀርባ እስኪድን አይጫን። ይህን የመጨረሻውን ስንጠይቅ ግን አህያው በሚያርፍባቸው ሳምንታት የባለቤቱ ቤተሰብ ምን ይበላል ለሚለውም መልስ ይዘን እንቅረብ። ያለዚያ ዘመቻችን ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ቀፊራ አይደርስም።