ኮርሱንና መምህሩን በአንድ ሚዛን፦ ስለ ድኅረ ምረቃ የካውንስሊንግ ትምህርታችን ክለሳ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ዘወትር በሁለት አጀንዳ ተከፍሎ የሚቀርብ ነው። አንደኛው የሁለተኛ ዲግሪ የካውንስሊንግ ኮርሶች ክለሳ ሲሆን ሁለተኛው የመምህራን ቅጥር፣ ምደባና የደረጃ ዕድገት ነው። የመጀመሪያውን የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ ያየዋል፤ ሁለተኛውን የቅጥርና የዕድገት ኮሚቴ። ቃለ ጉባኤያቸው ለየብቻ ይያዛል፤ ለየብቻም ይጸድቃል። እኔ በዚህ መድረክ የማቀርበው ሐሳብ ሁለቱ ተነጣጥለው ሊታዩ አይገባም የሚል ነው። የሠልጣኙን ሥራ ተቀምጦ የሚሰማና የሚያርም መምህር ከሌለ፣ የካውንስሊንግ ኮርስ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያምር ባለሙያ አያወጣም።

በመጀመሪያ ጉዳዩ ለምን ጊዜ እንደማይሰጥ ልናገር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ መምህራን ብቃት ብዙ ተብሏል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ቀሪዎቹ ወጣቶች ውጤታቸውን ባዩበት ምሽት ከማን ጋር እንደተነጋገሩ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ከሁለት ዓመት በኋላ በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም፣ ሐዘኑና ድንጋጤው በየቤቱ አለ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሻንጣ እንኳ አልያዙም፤ የያዙት በደልና ስብራት ነበር። ለእነዚህ ሁሉ ወገኖች አማካሪ ሆነው የሚቀርቡት ዛሬ በእኛ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ተማሪዎች ናቸው።

ሕዝባችን መካሪ አጥቶ የኖረ ሕዝብ አይደለም። የአገር ሽማግሌ፣ የነፍስ አባት፣ ሼህ፣ የዕድር ዳኛ፣ አበልጅና ጎረቤት የሰውን ጭንቀት ሲሸከሙ ኖረዋል፤ ዛሬም ይሸከማሉ። ሙያዊው ካውንስሊንግ ከእነርሱ ጎን የሚቆመው ሌላ ዓይነት ኃላፊነት ይዞ ነው። በአሜሪካ ፍራንክ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1908 በቦስተን ከተማ ለወጣቶች የሥራ ምርጫ አገልግሎት የሚሰጥ ቢሮ ሲከፍት፣ ምክር በሥርዓትና በመረጃ ሊሰጥ እንደሚችል አሳየ። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ሮጀርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በድምፅ የተቀረጸ ሙሉ የካውንስሊንግ ሂደትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል አትሞ አወጣ። በዝግ በር ውስጥ የሚሠራው ሥራ ለምርመራና ለእርማት ክፍት የሆነው በዚህ መንገድ ነው። የሠልጣኙ ሥራ በሌላ ባለሙያ ጆሮ መሰማት አለበት የሚለው መርሕ እስከ ዛሬ የሙያው የጀርባ አጥንት ነው።

ታዲያ የእኛ ኮርሶች ይህን መርሕ ምን ያህል ይዘውታል? የኮርስ ዝርዝሮቻችንን አውጥተን እንመልከት። የንድፈ ሐሳብ ኮርሶች ብዙ ናቸው፤ የስብዕና ንድፈ ሐሳብ፣ የካውንስሊንግ አቀራረቦች፣ የምርምር ዘዴ፣ ስታቲስቲክስ። ፕራክቲከም የምንለው የተግባር ልምምድ ግን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ሴሚስተር ላይ፣ ከመመረቂያ ጽሑፍ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ተማሪው ወደ አንድ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ የተቋሙ ኃላፊ በመጨረሻ ቅጽ ሞልቶ ማኅተም ይመታል፤ ውጤት ይሰጣል። በመካከል ሠልጣኙ ከተገልጋይ ጋር የተነጋገረውን አንዲት ደቂቃ እንኳ የሰማ መምህር ላይኖር ይችላል።

ለንጽጽር ያህል፣ በአሜሪካ የካውንስሊንግ ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ካክሬፕ የተባለው ምክር ቤት ምን እንደሚጠይቅ እንይ። ሠልጣኙ በፕራክቲከም ቢያንስ 100 ሰዓት ይሠራል፤ ከዚህ ውስጥ 40ው ከተገልጋይ ጋር በቀጥታ ነው። በመቀጠል በኢንተርንሺፕ 600 ሰዓት ይሠራል፤ 240ው በቀጥታ አገልግሎት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሱፐርቪዥን የምንለው ሙያዊ ክትትል በየሳምንቱ አይቋረጥም። ይህን መለኪያ እንዳለ እንቅዳ አልልም፤ የእኛ ኑሮ፣ የእኛ በጀት፣ የእኛ ተገልጋይ ሌላ ነው። ከመለኪያው ጀርባ ያለው አስተሳሰብ ግን ለእኛም ይሠራል፤ ሰዓቱ የተቆጠረው መምህሩም አብሮ ስለሚቆጠር ነው።

ሱፐርቪዥን በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ሠልጣኙ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያነጋግራል እንበል። «ትምህርቱን ትቼ ወደ ቤት ልሄድ ነው» ትለዋለች። ገና ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሠልጣኙ «አይዞሽ፣ ያልፋል፤ ቤተሰቦችሽ ስንት ነገር ለፍተውብሽ!» ይላል። ልጅቷ «እሺ» ትላለች፤ ድምፅዋ ይወርዳል። በሚቀጥለው ሳምንት መምህሩና ሠልጣኙ ልጅቷ ፈቅዳ የተቀረጸውን ድምፅ አብረው ያዳምጣሉ። መምህሩ እዚያች «እሺ» ላይ ያስቆማል። «እዚህ ጋ ምን ሰማህ?» ይለዋል። ሠልጣኙ መጀመሪያ መልስ ያጣል። ደግመው ያዳምጣሉ። ቀስ እያለ ማጽናኛው በሩን እንደዘጋው፣ የቤተሰብ ልፋት ሲነሣ ልጅቷ ላይ ዕዳ እንደተጨመረ ይገባዋል። «ወደ ቤት ልሄድ ነው ስትል ቤት ምን አለ ብለህ ብትጠይቃትስ?» ይላል መምህሩ። ያቺ አንዲት ሰዓት ከአንድ ሴሚስተር የንድፈ ሐሳብ ንባብ የማይገኝ ትምህርት ትሰጣለች። ይህን ለማድረግ ግን መምህሩ ራሱ ከተገልጋይ ጋር የሠራ፣ ጆሮው የሠለጠነ፣ ለዚህች ሰዓትም ጊዜ የተሰጠው መሆን አለበት።

የኮርስ ክለሳው ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ማየት ይኖርበታል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተገልጋዩ የሚያለቅሰው ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ ነው። ስለዚህ የክህሎት ልምምዱ ሠልጣኙ በሚያገለግልበት ቋንቋ መካሄድ አለበት። ሁለተኛው የመለኪያዎች ጉዳይ ነው። በቡታጅራ አካባቢ ለረጅም ዓመታት የተካሄዱ የአእምሮ ጤና ጥናቶች፣ ከውጭ የመጡ መጠይቆች በአገራችን ሰው ላይ ሳይፈተሹ በጥሬው ሊወሰዱ እንደማይገባ አስተምረውናል። የፈተናና ምዘና ኮርሳችን ከእነዚህ የአገር ውስጥ ሥራዎች መነሣት ይገባዋል።

አሁን ወደ መምህራኑ ልምጣ። አንድ ሰው ለካውንስሊንግ ትምህርት ክፍል ሲያመለክት የምንመለከተው ምንድን ነው? ዲግሪው፣ አማካይ ውጤቱ፣ የታተሙ ጽሑፎቹ፣ የቃል ፈተናውና የናሙና ትምህርቱ። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሲያድግም በዋናነት የሚያሳድገው ኅትመት ነው። ኅትመት አስፈላጊ ነው፤ ዕውቀት የማያመነጭ ዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ አይባልም። ነገር ግን አንድም ሠልጣኝ ተቆጣጥሮ የማያውቅ ሰው በጥሩ ኅትመት ብቻ ፕራክቲከም ሲመደብለት፣ ሃያ ሠልጣኝ ያረመው ደግሞ ለዕድገት የሚቆጠርለት ነጥብ ሲያጣ፣ ሥርዓታችን የትኛው ሥራ ዋጋ እንዳለው ለወጣት መምህራን በግልጽ እየነገራቸው ነው። እነርሱም ይሰማሉ። ከሱፐርቪዥን ክፍል ወጥተው ወደ ኅትመቱ ይሄዳሉ።

የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን አንድን ኢንተርን ከአልጋው ራስጌ የሚቆም ሐኪም ሳይኖር በሽተኛ ላይ አይለቁትም። የነፍስ ቁስል ከሥጋ ቁስል ያነሰ ጥንቃቄ የሚበቃው አይደለም።

«ሰው ከየት ይምጣ? በጀት ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እውነተኛ ጥያቄ ነው። የመልሱም የመጀመሪያው ክፍል በእጃችን ነው፤ የምንቀበለውን ተማሪ ቁጥር በወንበር ሳይሆን በሱፐርቫይዘር እንወስን። ካክሬፕ የሙሉ ጊዜ ተማሪና መምህር ጥምርታ ከ12 ለ1 እንዳይበልጥ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በግብረ ሰናይ ድርጅት የሚሠሩ ልምድ ያላቸው አማካሪዎችም አሉ፤ ለእነርሱ የትርፍ ጊዜ ምደባ የሚፈቅድ ግልጽ መስፈርት ቢኖር በር ይከፈትላቸዋል። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ከወጣ ወዲህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በትምህርትም ሆነ በሰው ኃይል አስተዳደሩ የራሱን ውሳኔ የመወሰን ሰፊ ዕድል አግኝቷል፤ ሌሎችም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ነጻነቱ መስፈርትን ለማጥራት ካልዋለ ለትውውቅና ለዝምድና ይውላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የቅጥር መስፈርታችን ለአመልካቹም ለተማሪውም አስቀድሞ ይነገር።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎችና ሴኔቶች በመጪው የክለሳ ዙር ሦስት ነገሮችን እንዲወስኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም የካውንስሊንግ የተግባር ኮርስ የሚጸድቀው የሱፐርቪዥን ሰዓቱና ሱፐርቫይዘሩ ተለይተው ሲቀርቡ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ለተግባር ኮርስ የሚያመለክት መምህር ከናሙና ትምህርቱ በተጨማሪ በፈቃድ የተቀረጸ ወይም ለልምምድ የተዘጋጀ ንግግር አዳምጦ ለሠልጣኙ እርማት ሲሰጥ ይታይ። ሦስተኛ፣ የሱፐርቪዥን ሰዓት እንደ ማስተማር ጭነት ይቆጠር፤ ለደረጃ ዕድገትም ነጥብ ይኑረው።

እነዚህ ውሳኔዎች አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ሁለቱ ኮሚቴዎቻችን አብረው እንዲቀመጡና ሠልጣኙ ምን ይማር፣ ማንስ ያርመው የሚለውን ጥያቄ በአንድነት እንዲመልሱ ነው። ይህን ካደረግን፣ ከእጃችን ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ተፈናቃዮች መጠለያ የሚሄደው ተመራቂ ከዲግሪው ጋር የተፈተነ ችሎታ ይዞ ይሄዳል። የሕዝባችንን ሕመም አደራ የምንሰጠው ለእርሱ ነውና፣ ይህን ያህል ልናደርግለት ግዴታችን ነው።