የክረምቱ ሥራ
ለአሠልጣኞችና ለስፖርት መምህራን የቀረበ ንግግር



የውድድሩ ዘመን አብቅቶ ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ጭር ይላል፤ ተጫዋቾችም ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ብዙ ሰው ይህን ወቅት የዕረፍት ጊዜ ብቻ አድርጎ ይመለከተዋል። ገበሬ ግን የመኸሩ ምርት በክረምቱ እርሻ እንደሚወሰን ያውቃል። የቡድንም ነገር እንዲሁ ነው፤ ተመልካች በሌለበት ወራት ያልተሠራ ኅብረት በውድድር ቀን ተፈልጎ አይገኝም።

በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የኢትዮጵያ ቡድን በግብፅ ቡድን ሁለት ጊዜ ተመራ፤ ሁለት ጊዜም አቻ ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ። አራቱን ግቦች ያገቡት አራት ሰዎች ናቸው፤ ግርማ ተክሌ፥ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፥ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ። አንዱ ሲመታ ሌላው የሚነሣበት እንዲህ ያለ ጽናት በዕለቱ ምክር የሚፈጠር አይደለም።

ስለዚህ አሠልጣኝ በክረምቱ ሦስት ሥራዎች ይጠብቁታል።

የመጀመሪያው ያለፈውን ዓመት ሂሳብ መዝጋት ነው። በሽንፈት ቀን ጥፋቱን በባልንጀራው ላይ የጣለ ተጫዋች አይረሳም። ቂምን ዝናብ አያጥበውም፤ ተጫዋቾች ከመበተናቸው በፊት ፊት ለፊት ተነጋግረው ሊተዉት ይገባል።

ሁለተኛው የአምበል ጉዳይ ነው። በኳስ የላቀው ሁሉ መሪ አይሆንም። በልምምድ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ፥ ማን የደከመውን እንደሚያበረታ፥ ማን ስሕተቱን እንደሚያምን አሠልጣኙ በጸጥታ ይመልከት። ከመረጠው በኋላ ግን ወሬ አቀባዩ እንዳያደርገው ይጠንቀቅ። የጓደኞቹን ምስጢር የሚያመላልስ አምበል የተጫዋቾቹን እምነት ያጣል፤ አሠልጣኙም እውነቱን የሚነግረው ሰው ያጣል። አምበል ለሁለቱም ወገን የሚጠቅመው የባልንጀሮቹን ቅሬታ በፈቃዳቸውና በግልጽ ሲያቀርብ ነው።

ሦስተኛው ሸክምን ማከፋፈል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፤ አንዱ ነባር አዲስ የመጣውን ያለማምድ፤ ሌላው የሰውነት ማሟሟቂያውን ይምራ፤ ተጠባባቂውም ኳስ ከመሸከም አልፎ በጨዋታ ዕቅድ ላይ አሳቡን ይስጥ። አሠልጣኙ አንዳንድ ቀን ከሜዳው ዳር ቆሞ ልምምዱን ለእነርሱ ይተውላቸው። ይሳሳቱ ይሆናል፤ ነገር ግን የክረምት ስሕተት ነጥብ አያስጥልም። ያን ዕድል በክረምት የተነፈገ ተጫዋች በውድድር ቀን፥ ድምፅ በማይሰማበት ጩኸት መካከል፥ ዞሮ ዞሮ ወደ አሠልጣኙ መመልከቱ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ፍሬውም ቶሎ አይታይም። ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ሲከፈት፥ ቡድኑም የመጀመሪያዋ ግብ ሲገባበት፥ ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው ይወቃቀሱ ወይስ ኳሷን አንሥተው ወደ መሐል ይሩጡ እንደሆነ ያን ጊዜ ይለያል። የክረምቱ ሥራ የሚመዘነው በዚያች ደቂቃ ነው።