ዓባይን ተሻግረው ለሚመጡልን



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በደጀን አልፎ ሉማሜ ለሚደርስ በጎ ፈቃደኛ ቤታችን ክፍት ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን መምጣት የጀመሩት የሰላም ጓድ መምህራን ሁለት ዓመት ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር። ዓምና የመጣችልን ልጅ ግን የቆየችው ሦስት ሳምንት ነው። የቁጠባ መዝገባችንን አሳምራ ያዘችልን፤ ስትሄድ የሚቀጥለው ጠፋና ሁለት ወር ሳይጻፍ ቀረ። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ እርሷ ስትጽፍ እኛ ቡና እናፈላ ነበር።

አሁን ግን ወስነናል። እንግዳ ሲመጣ ሁለት አባላት አጠገቡ ተቀምጠው ይማራሉ፤ እስክሪብቶውንም የሚይዙት እነሱ ናቸው። ለጋሾቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን፤ ሰው ስትልኩልን ጤፉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ በየካቲት ይሁን። ያኔ ለመማር ጊዜ አለን። ቡናውም አይቀርም።