በሚያንሸራትት ስፍራ

የዛሬው ቃል በተለይ በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለምትሠሩ፣ ዕቃ ለምታመላልሱ፣ ሰርቪስ ለምትነዱ ነው።

መዝሙር 73ን አውጡ። አሳፍ እግሩ ሊንሸራተት ትንሽ እንደቀረው ይናገራል። ምን አንሸራተተው? ጭቃ አይደለም፤ ቅናት ነው። የክፉዎችን ምቾት አይቶ ንጹሕ ሆኖ መኖር ከንቱ ድካም መሰለው። ወደ መቅደስ ሲገባ ግን ዓይኑ ተከፈተ። ደረቅ መሬት ላይ የቆሙ የመሰሉት ሰዎች ለካ የሚያንሸራትት ስፍራ ላይ ነበሩ (ቁ. 17-18)።

ይህ ነገር በሚኒሶታ መኪና ለሚነዱ ወገኖቻችን ቶሎ ይገባቸዋል። በእነሱ ክረምት ነጩ በረዶ ስለሚታይ ሹፌሩ ይጠነቀቃል። የሚያስፈራው «ጥቁር በረዶ» የሚሉት ነው። ስስና እንደ መስታወት የጠራ ስለሆነ ከሥሩ አስፋልቱ ይታያል፤ እርጥብ መንገድ ብቻ ይመስላል። እዚያ ላይ ፍሬን በድንገት ከረገጥክ መኪናው ከእጅህ ወጣ ማለት ነው።

እኛ ድሬ ላይ እንዲህ ያለ በረዶ የለንም። ደንገጎ ግን አለን። ከፓርኩ ላብህን እየጠረግህ ትነሳለህ፤ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሽቅብ ወጥተህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር ገብተሃል። በክረምት መንገዱ ጭጋግና ዝናብ ነው። ከረጅም ድርቀት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብማ የባሰ ነው፤ አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ሲቀላቀል ሳሙና ይሆናል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ሳይይዝ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሲኖትራክ፣ ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይላል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ዜሮ ማርሽ የሚያደርገውንስ ምን ልበለው! ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከያዝክ በኋላ መኪናው የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ወንድሜ ሹፌር፣ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ታዲያ ለምን ትበራለህ? ጓደኛህ በሳምንት ሦስት ቢያጆ ሠርቶ ቤት ጀመረ፤ አንተ ሁለት ላይ ነህ። አሳፍንም የያዘው ይኸው ነው።

መስታወትህ ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» ብለህ ለጥፈሃል፤ ጥሩ ነው። ግን ዲያብሎስ ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው፣ መላእክት ይይዙሃል ብሎ መዝሙር ጠቅሶ ነበር (ማቴ. 4)። ጌታ እምቢ አለ። በጭጋግ ኩርባ ላይ እየደረበ «በደሙ ተሸፍኛለሁ» የሚል ሹፌር የማንን ምክር እየሰማ ነው? ጸሎት ያለቀ ጎማ አይተካም። እንዲህ ስል እምነት የጎደለኝ የሚመስላቸው አሉ፤ ይምሰላቸው።

የሰርቪስ ሹፌር፣ ከኋላህ ያሉት ፈረቃ ጨርሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው የሰው ልጆች ናቸው። አንተን አምነው ነው የተኙት። ተሳፋሪዎችም «ንዳው እንጂ፣ ረፈደብን» አትበሉት። የአርፋጅ ደሞዝ የምትቆርጡ አለቆች ደግሞ ዝናብ በጣለበት ጠዋት ጥቂት ታገሡ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ዛሬ ማታ ደንገጎን የሚወጡትንና የሚወርዱትን አስብ፤ የሚጠብቋቸውንም ልጆች አስብ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።